ካሜራሽ ደህና ናት፤ ትሪገርና የባትሪ ፍላሽ እንዴት ይመረጣል?

የመጣልኝ ጥያቄ አጠር ሲል ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ካሜራዬ ካኖን 2000ዲ ነው። ከሶኬት የሚሠሩ ባለ300 ሁለት ፍላሾች አሉኝ። እስካሁን የማስነሳቸው የካሜራዋን ትንሿን ፍላሽ ከፍቼ ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ፎቶው ጨለማ ይወጣል። ካሜራ ላይ ተሰክቶ ፍላሽን ከርቀት የሚያስነሳ፣ ‹ለሁሉም ካሜራ ይሆናል› የተባለ ትሪገር ገዛሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አላበራም። ሻጩ ካሜራሽ ተበላሽቷል አለኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኛ ይመለስብኛል። ሙሽሮችና ተመራቂዎች ደግሞ ጣና ዳር ካልተነሣን ይላሉ። በቅርቡ ወንድሜ ከዱባይ ይመጣል። ምን ዓይነት ትሪገር ላስመጣ? ለፍላሾቹስ ጄኔሬተር፣ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ወይስ ፓወር ስቴሽን የሚሉትን ሶኬት ያለው ትልቅ ባትሪ ልግዛ?»

እህቴ፣ ወደ ግዢው ከመግባታችን በፊት ካሜራሽ ደህና መሆኗን ልንገርሽ። አናቷ ላይ ፍላሽ የሚሰካበትን የብረት ሐዲድ እስቲ ተመልከቺ። በሌሎች ካሜራዎች ሐዲድ መሃል አንድ ትልቅ ክብ ነጥብ አለ፤ ከእሱ ሥር ትናንሽ ነጥቦች ይደረደራሉ። ያንቺ ላይ ያሉት ትናንሾቹ ብቻ ናቸው። ትልቁ ወልቆ አይደለም፤ ካኖን ራሱ ነው ያስቀረው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡት 2000ዲ እና 4000ዲ፣ በ2019 የወጣው 250ዲም እንዲሁ ናቸው። ያ መሃለኛ ነጥብ ደግሞ የማንም ካሜራ የማንንም ፍላሽ «አሁን!» ብሎ የሚያዝበት በር ነበር። ለሁሉም ይሆናል የተባለው ትሪገርሽ ያለው እግር አንድ ነው፤ እሱም ለዚያ ነጥብ የተሠራ። ካሜራሽ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው ፕላስቲክ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ብትተኩሺ ምንም አይሰማም።

ለማረጋገጥ የትሪገሩን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሪሲቨር ፍላሹ ላይ ሰኪና ትሪገሩን በእጅሽ ይዘሽ «ቴስት» የምትለዋን ቁልፍ ተጫኚ። ፍላሹ ከበራ ትሪገሩም ሪሲቨሩም ጤነኞች ናቸው፤ የጎደለው ከካሜራው ወደ ትሪገሩ መድረስ የነበረበት ትእዛዝ ነው። ይህን የምዘረዝርልሽ በምክንያት ነው። አንድ ልጅ በዚሁ ጉዳይ ካሜራውን ለሦስት ጠጋኝ አሳይቶ፣ ሁለቱ ከፍተውት «ቦርዱ ነው» ብለውት፣ በመጨረሻ እኔ ጋ መጣ። ምንም ላልሆነ ካሜራ የከፈለው ገንዘብ ደህና ትሪገር ይገዛ ነበር።

ስለዚህ የሚያስፈልግሽ በትናንሾቹ ነጥቦች በኩል የካኖንን ቋንቋ የሚናገር ትሪገር ነው። ጎዶክስ የሚባለው የፍላሽና የትሪገር አምራች ለእያንዳንዱ የካሜራ ዓይነት ለየብቻ ያወጣል፤ በስሙ መጨረሻ ያለችው ፊደል ነች የምትለየው። ሲ ለካኖን፣ ኤን ለኒከን፣ ኤስ ለሶኒ፣ ኤፍ ለፉጂ። ያንቺ ኤክስ2ቲ-ሲ ወይም ኤክስፕሮ-ሲ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መሃለኛ ነጥብ የሌላቸው ካኖኖች የተደገፉት በኋላ በተለቀቀ ፈርምዌር፣ ማለትም ትሪገሩን ከውስጥ በሚያሠራው ፕሮግራም ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ዕቃ ከመጣልሽ ከኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ አገናኝተሽ ማደስ ሊኖርብሽ ይችላል፤ ሳታድሺው «ይሄም አልሠራም» ብለሽ እንዳትወረውሪው።

አሁን ወደ ጨለማው ፎቶ። የካሜራሽ ትንሿ ፍላሽ የምትበራው አንዴ ብቻ አይደለም። ብርሃን ለመለካት መጀመሪያ አንዴ ብልጭ ትላለች፤ ከዚያ ዓይን ሊለየው በማይችል ፍጥነት ዋናውን ትለቃለች። የስቱዲዮ ፍላሾችሽ ያላቸው የብርሃን ዓይን ይህን አያውቅም፤ የመጀመሪያዋን እንዳየ ያለውን ሁሉ ይለቃል። መዝጊያው በሚከፈትበት ጊዜ ፍላሾቹ ባዷቸውን ናቸው። አንዳንዴ የሚሠራልሽ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ስትሆኚና ቶሎ ሲሞሉ ይመስለኛል። ትሪገሩ እስኪመጣ አንድ ዘዴ ልስጥሽ፦ ከመተኮስሽ በፊት ኮከብ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫኚ። የመለኪያዋ ብልጭታ ያኔውኑ ትወጣለች። ፍላሾቹ «ጢጥ» ብለው እስኪሞሉ ጠብቂ፣ ከዚያ ሳትዘገዪ ተኩሺ። አንዳንድ ፍላሽ ላይ «ኤስ2» የሚባል ምርጫ አለ፤ እሱ የመጀመሪያዋን ብልጭታ ንቆ ሁለተኛዋን የሚጠብቅ ነው። ያንቺዎቹ ላይ ካለ ዘዴውም አያስፈልግሽም።

ይህ የብርሃን ዓይን በአራት ግድግዳ ውስጥ ታማኝ አገልጋይ ነው። ጣና ዳር ስትወጪ ግን አይሆንም። ፀሐይ ታሳውረዋለች፤ ከፍላሹ ጀርባ ከቆምሽ አያይሽም፤ ሠርግ ላይ ደግሞ የሌላው ፎቶ አንሺ ብልጭታ ሁሉ ያስነሳዋል። ለውጭ ሥራ ሬዲዮ ነው የሚሆነው።

ሬዲዮ ትሪገር ስትመርጪ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከትሪገሩ በመጀመሩ ነው። ትሪገር የሚመረጠው በፍላሹ ነው። የጎዶክስ አዳዲሶቹ፣ የፕሮፎቶ ኤር፣ የኤሊንክሮም ስካይፖርት ሁሉም በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠሩት፤ ግን እርስ በርሳቸው አይግባቡም። በአንድ መንገድ ላይ የሚሄዱ፣ በተለያየ ቋንቋ የሚያወሩ ሰዎች በያቸው። ከአሜሪካ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ድሮ ስመ ጥር የነበረው ፖኬት ዊዛርድ የአሜሪካው በ340 እና በ354 ሜጋኸርዝ መካከል፣ የአውሮፓው በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው። አክስት ከዋሽንግተን ትሪገሩን፣ አጎት ከጀርመን ሪሲቨሩን ቢልኩ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ዕድሜ ልካቸውን አይገናኙም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ምረጪና ከዚያ አትውጪ። ጎዶክስን የምመክርሽ ከሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፤ እኛ አገር ከጓደኛ በውሰት የምታገኚው ሪሲቨር፣ የምትገዢው ተለዋጭ ባትሪ፣ የሚተካ አምፖል በብዛት የሚገኘው የእሱ ስለሆነ ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ረዘም ልበልብሽ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚያ ነው።

ፍላሽሽ ላይ 300 ተብሎ የተጻፈው የአምፖል ዋት አይደለም፤ ዋት-ሰከንድ ነው። ፍላሽ ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ አለ፤ እንስራ በይው። ሶኬቱ ምንጩ ነው። እንስራው በአንድ ሁለት ሰከንድ ይሞላል፤ አንቺ ስትተኩሺ ደግሞ ሙሉው በአንዴ ይደፋል። ስለዚህ የኃይል ምንጭ ስትመርጪ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ምንጩ በቀን ስንት እንስራ ይሞላል? ቧንቧውስ አንዱን እንስራ በምን ያህል ጊዜ ይሞላል? ሻጮች የሚነግሩሽ የመጀመሪያውን ነው። ፍላሽ የሚያስቸግረው በሁለተኛው ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ዋት-ሰዓት 3,600 ዋት-ሰከንድ ነው። የተለመደው ትንሽ የኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ባለ12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ 84 ዋት-ሰዓት ማለት ነው፤ በዋት-ሰከንድ 302,400። ለ300 ስታካፍዪው በወረቀት ላይ ከ1,000 በላይ ብልጭታ ይሰጣል። እሰይ ያሰኛል! አሁን ቧንቧውን እይ። ፍላሽሽ በአንድ ሰከንድ ተኩል የሚሞላ ከሆነ በአማካይ 200 ዋት ይጎትታል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር ወደ 300 ይጠጋል። ሁለቱ አብረው ሲሞሉ 600። ካፓሲተሩ ባዶ በሆነባት በመጀመሪያዋ ቅጽበት ደግሞ ጉተታው ከዚህም ይበልጣል። ባለ650 ቪኤ የሚባለው ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ 400 ዋት እንኳ አይሞላም። ይጮሃል፣ ከዚያ ይጠፋል። በዚያ ላይ ርካሽ ዩፒኤስ የሚያወጣው ሞገድ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፤ ኮምፒውተር ይችለዋል፣ የፍላሽ ቻርጅ ማድረጊያ ግን ይግላል፣ አንዳንዱም ይቃጠላል። ዩፒኤሱን ለኮምፒውተርሽ ተይው።

ፓወር ስቴሽን ከሱ ይሻላል። ደህናዎቹ እንደ ግድግዳው ሶኬት ያልተቆራረጠ፣ ንጹሕ ሳይን ሞገድ ነው የሚያወጡት፤ ዕቃው ላይ በግልጽ ተጽፎ ካላየሽ አትግዢ። ባለ500 ዋት-ሰዓት ቢሆን ግማሹ በመንገድ ይባክን ብንል እንኳ 3,000 ሙሉ ብልጭታ ይሰጥሻል። የትኛውም ሠርግ ይህን አይጨርስም። ግን የሚችለው ተከታታይ ዋት ቢያንስ 600 ካልሆነ ሁለቱን ፍላሽ አብሮ ሲሞላ «ከአቅም በላይ» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ፍላሹ ላይ ያለችውን ማሳያ አምፖል ደግሞ አጥፊያት። የሁለቱ ፍላሽ ባለ150 ዋት አምፖሎች ሲበሩ በሰዓት 300 ዋት-ሰዓት ይጠጣሉ፤ አንድም ፎቶ ሳታነሺ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ውስጥ ባትሪው ያልቃል። ብዙ ሰው «ፓወር ስቴሽኑ ዋሸኝ» የሚለው ይህችን አምፖል ረስቶ ነው።

ጄኔሬተርስ? ትንሹና ርካሹ ፍላሹ በሞላ ቁጥር ይጨነቃል፣ ቮልቱ ወርዶ ይወጣል፤ ቪዲዮ ቀራጩም ድምፅ አበላሻችሁብኝ ብሎ ይጣላሻል። ኢንቨርተር ያለበቱ ዓይነት ይሆናል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነገር ያስገዛል።

ያ ሌላ ነገር ነው እንግዲህ ምክሬ። ከሶኬት የሚሠሩትን ፍላሾች ሜዳ ለማውጣት ብለሽ ገንዘብሽን አታባክኚ። እነሱ ስቱዲዮ ይቀመጡ፤ አንቺ ባትሪው በሆዱ የሆነ አንድ ፍላሽ ግዢ። ባትሪው ከዚያው ፍላሽ ጋር ተስማምቶ የተሠራ ስለሆነ የሞገዱም የቧንቧውም ጣጣ አይመለከትሽም።

የትኛውን? ጎዶክስ ኤዲ200 ባለ200 ዋት-ሰከንድ ነው፤ ባትሪው 14.4 ቮልት፣ 2,900 ሚሊአምፔር-ሰዓት፤ ድርጅቱ 500 ሙሉ ብልጭታ ይላል። ልክ ነው ወይ ብለሽ ራስሽ ማስላት ትችያለሽ። 14.4 በ2.9 ሲባዛ 41.76 ዋት-ሰዓት፣ በ3,600 ሲባዛ 150,336፣ ለ200 ሲካፈል 751። ከዚያ ውስጥ 500 ማግኘት ማለት ሁለት ሦስተኛው ብርሃን ሆነ ማለት ነው፤ የሚታመን ቁጥር ነው። ባለ600 ዋት-ሰከንዱን ኤዲ600ፕሮ በዚሁ መንገድ ብታሰዪው 28.8 ቮልት በ2.6 አምፔር-ሰዓት 74.88 ዋት-ሰዓት ይመጣል፤ በወረቀት 449፣ በተነገረው 360። ይህን ስሌት በቃልሽ ያዢው። አንድ ሻጭ ተለዋጭ ባትሪ አምጥቶ በዚያው መጠንና በዚያው ክብደት «5,000 ሚሊአምፔር ነው» ቢልሽ ቁጥሩ ተለጣፊው ላይ ብቻ ያለ መሆኑን ታውቂያለሽ።

200 ለጣና ዳር ፀሐይ ይበቃል ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፣ ለጥቂት ነው። በጠራራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 እና በ1/200 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ፀሐይ ብቻዋን ኤፍ/11 የሌንስ ቀዳዳ ትሰጥሻለች። የኤዲ200 የብርሃን ቁጥር በሜትር 52 ነው፤ ይህ ቁጥር ለኤፍ ቁጥሩ ሲካፈል ፍላሹ የሚደርስበትን ርቀት ይሰጣል፤ ለ11 ሲካፈል 4.7 ሜትር። ያ ግን ባዶውን ነው። ብርሃን የሚያለሰልሰው የጨርቅ ሳጥን፣ ሶፍት ቦክስ፣ ሲገባበት ብርሃኑ ሁለት እርከን ያህል ይወርዳል (አንድ እርከን በግማሽ መቀነስ ነው)፤ ርቀቱም በግማሽ፣ ወደ 2.4 ሜትር። ሙሉ ኃይል ለቀሽ፣ መብራቱን ሙሽሮቹ አፍንጫ ሥር አምጥተሽ ነው ከፀሐይዋ ጋር እኩል የምትሆኚው። ስለዚህ ከፀሐይ ጋር ግብግብ አትግጠሚ። ጀርባቸውን ለፀሐይ አስጪያቸው፤ ፀጉራቸውና ቬሎው ጠርዝ ላይ ብርሃን ይይዛል፣ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ያን ፊት ለመሙላት የኃይሉ ግማሽ ወይም ሩብ ይበቃል፤ 500 የነበረውም ብልጭታ 1,000 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ከ10 ሰዓት በኋላ ከሆነማ ጨዋታው ያንቺ ነው። አቅም ካለሽ ባለ400ውን ብትገዢ አልቃወምም። አቅም የሚገኘው ቀስ በቀስ ከሆነ ግን ሁለት ኤዲ200 በአንድ መያዣ ተጣምረው አንድ ሶፍት ቦክስ ውስጥ 400 ይሆናሉ፤ ስቱዲዮ ስትመለሺ ደግሞ ተለያይተው ሁለት ፍላሽ ናቸው። እኔ በዚህ መንገድ ነው የተጠቀምኩት።

ከጀርባ ያለው ሐይቅ እንዲደበዝዝልሽ ፈልገሽ ኤፍ/4 ላይ መሥራት ካማረሽ፣ የመዝጊያ ፍጥነቱን ከ1/200 በላይ አትውሰጂው፤ ካሜራሽ ከፍላሽ ጋር የሚስማማው እስከዚያ ነው። አልፈሽ ከሄድሽ ከፎቶው አንዱ ጠርዝ ላይ ጥቁር መቀነት ይወጣል። ከዚህ በላይ የሚያስኬድ «ኤችኤስኤስ» የሚባል ዘዴ አለ፤ ግን እንስራውን በአንዴ ከመድፋት ይልቅ እያንጠባጠበ ስለሚያፈስ ሁለት እርከንና ከዚያ በላይ ብርሃን ይበላል፤ ባትሪውንም ያግላል። ሌንሱ ፊት ባለ8 ኤንዲ ፊልተር አድርጊ። ሦስት እርከን ያጨልማል፤ ኤፍ/11 የነበረው ኤፍ/4 ይሆናል። ርካሽ ነው፣ ፈርምዌርም አይጠይቅም።

ብዙዎች የማይነግሩሽ አንድ ነገር አለ፤ ለአሮጌዎቹ ፍላሾችሽ ሪሲቨር መግዛት ላይኖርብሽ ይችላል። ስቱዲዮ ውስጥ አዲሱን የባትሪ ፍላሽ በሬዲዮ አስነሺው፤ በማንዋል፣ ኃይሉን ራስሽ በምትመርጪበት ላይ ይሁን። በማንዋል ሲሆን የመለኪያ ብልጭታ የለም፤ የሚወጣው አንዱ ዋናው ብቻ ነው። ሁለቱ አሮጌዎች በብርሃን ዓይናቸው እሱን ያዩና አብረው ይነሣሉ። ጨለማው ፎቶ እዚያው ያበቃል። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነና ግድግዳው ብርሃን ስለሚመልስ ዓይናቸው አይስትም። ፍላሾቹን ግን አስቀድመሽ አገላብጪያቸው። ጎናቸው ላይ የጎዶክስ ኤክስ ምልክትና 2.4 የሚል ጽሑፍ ካለ ሬዲዮው ከውስጥ አላቸው፤ ያለ ምንም ሪሲቨር ከካሜራሽ ላይ ሆነሽ ኃይላቸውን ትጨምሪያለሽ፣ ትቀንሻለሽ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስቱዲዮው በዚያችው የባትሪ ፍላሽና በአንድ ነጭ ጃንጥላ ይቀጥላል። ለጉርድ ፎቶ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። አሮጌዎቹን ግን መብራት እንደጠፋ ወዲያው ከሶኬት ንቀያቸው። መብራቱ ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ያኔ የሚቀበሉት እነሱ ይሆናሉ። ከአሜሪካ የተላከ ፍላሽ የሚያቀርብልሽ ሰው ካለም የቮልቱን ጽሑፍ ሳታነቢ እንዳትሰኪ። 120 ቮልት ብቻ የሚለውን 220 ላይ የሰካ ሰው ጭሱን ሳያይ ድምፁን ይሰማል። ከተበላሸብሽም ራስሽ አትክፈቺው። ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ እሱ ነገር ቀልድ አያውቅም።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልጨምር፤ በተለይ ስለ ቻናል። አንድ የጥር እሑድ አዲስ አበባ አንድ መናፈሻ ውስጥ አራት ሙሽሮች በአንድ ጊዜ ይነሡ ነበር። የእኛ ፍላሽ እኛ ሳንተኩስ ይበራል። መጀመሪያ ተበላሸ ብለን ደነገጥን፤ ኋላ ስናስተውል ከዛፉ ወዲያ ያለው ቡድን በተኮሰ ቁጥር ነው የሚበራው። ሁላችንም ያው ጎዶክስ፣ ሁላችንም ያው ከካርቶን እንደወጣ ቻናል 1። እነሱ እኛን አያውቁም፣ እኛ ደግሞ እነሱን እናበራላቸዋለን! ባትሪያችን ኬኩ ሳይቆረስ አለቀ። ቻናሉ 32 ነው፤ በዚያ ላይ ከ1 እስከ 99 የሚሄድ የመለያ ቁጥር አለ። ሁለቱንም ቀይሪ፤ መለያውን የምታስታውሺው ቁጥር አድርጊው፤ ትሪገሩም ፍላሹም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። «ስካን» የሚለው ምርጫ ደግሞ በአካባቢው ያልተጨናነቀውን ቻናል ያሳይሻል፤ ዋይፋይ የበዛበት ሆቴል ውስጥ ይጠቅማል።

2.4 ጊጋኸርዝ የሰው አካል ይይዘዋል፤ ሰውነታችን ውሃ ነውና። አጃቢው ሁሉ በአንቺና በፍላሹ መካከል ከቆመ አንዳንድ ብልጭታ ይጠፋል፤ መፍትሔው ስታንዱን ከፍ ማድረግ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ፍላሹን አንድ ሜትር ውስጥ አጠገብሽ ስታደርጊው እምቢ ይላል። ያኔ የትሪገሩን የርቀት ምርጫ ከ1 እስከ 100 ሜትር ከሚለው ወደ 0 እስከ 30 ቀይሪው። በዘፈቀደ የሚስት ትሪገር ካጋጠመሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት ባትሪ ድንጋዩን ቀይሪ። የሱቁ ርካሽ ባትሪ ድንጋይ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል፣ ሲከርምም ፈሶ ምላሱን ይበላዋል፤ ቻርጅ የሚደረጉ አራት ፍሬ ግዢና ሁለት ሁለት እያደረግሽ አፈራርቂያቸው። የካሜራዋን ሐዲድ ነጥቦች በእርሳስ ላጲስ አልፎ አልፎ ጠረግ አድርጊያቸው። ለነፋስ ደግሞ ስታንዱ እግር ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት፤ የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሶፍት ቦክስን ሸራ ያደርገዋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ ዕቃው 55 ቀን ይተኛል። ሊትየም ባትሪን ሙሉ አድርገሽም ባዶ አድርገሽም አታስተኚው፤ ግማሽ ገደማ ላይ ተይው፣ ከፍላሹም አውጪው። አሮጌዎቹን ፍላሾች ደግሞ በወር አንዴ ሰክተሽ በዝቅተኛ ኃይል ጥቂት ጊዜ አስነሺያቸው፤ ካፓሲተር ሥራ ሲፈታ ይደክማል። ያበጠ ባትሪ ካየሽ «ትንሽ ቀን ልጠቀምበት» አትበይ።

ወንድምሽን በተመለከተ፤ የአውሮፕላኑ ሕግ የሚያየው ዋት-ሰዓትን ነው። ቮልቱን በሚሊአምፔር-ሰዓቱ አባዝተሽ ለ1,000 ማካፈል ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ተለዋጭ ከሆነም ከሁለት አይበልጥም፤ ከ160 በላይ በመንገደኛ አውሮፕላን አይገባም። የኤዲ200 ባትሪ 41.76፣ የ600ፕሮው 74.88 ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። ያ ባለ500 ፓወር ስቴሽን ግን ከኤርፖርቱ በር አያልፍም፤ እንዲገዛልሽ እንዳትጠይቂው፣ ከፈለግሽ እዚሁ አገር ፈልጊ። ከገዛሽውም ፍላሽ መሞያ ሳይሆን የካሜራና የፍላሽ ባትሪ ቻርጅ ማድረጊያ አድርጊው፤ ለዚያ ትንሹም ይበቃል። ተለዋጭ ባትሪ በካርጎ ሻንጣ አይገባም፤ እጁ ላይ ይያዘው፣ የባትሪዎቹ ጫፍ በፕላስተር ይሸፈን።

እንግዲህ የምትልኪለት ዝርዝር ይህ ነው፦ አንድ ኤክስ2ቲ-ሲ፣ አንድ ኤዲ200፣ አንድ ተለዋጭ የራሱ ባትሪ፣ ቻርጅ የሚደረጉ አራት ባትሪ ድንጋዮች፣ ለሌንስሽ ልክ የሚሆን ባለ8 ኤንዲ። ትሪገሩን ሱቁ ውስጥ በሌላ ካኖን ሲሞክሩለት አይቶ እንዳይረካ ንገሪው፤ መሃለኛ ነጥብ ባለው ካሜራ ላይ መሥራቱ ለአንቺ ምንም አይነግርሽም። 2000ዲ ወይም 4000ዲ ካላቸው በእሱ ያሳዩት፤ ከሌላቸው ፈርምዌሩን እዚያው ያድሱለት። እጅሽ ሲገባም «ቴስት» ቁልፉን ሳይሆን የካሜራሽን መዝጊያ ተጭነሽ ሞክሪው።